ሰባተኛ ክፍል ከወንዙ ታች ካሉት ልጆች ጋር እንዳይነጋገር ስለተደረገለት ጥንቃቄ

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ኢንተርኔትም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የሳይንስ መምህርቷ፣ በርዎ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ የሰነበቱት፣ አለሁ።

እንደሚያውቁት ተማሪዎቼ በወንዙ ታችኛው ጫፍ ካለ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር በኢንተርኔት አብረው ሊሠሩ አቅደው ነበር። የእኛዎቹ ወንዙ ከተማ ሳይገባ፣ እነዚያ ደግሞ ከከተማ ከወጣ በኋላ ውሃውን ቀድተው መርምረው፣ በስክሪን እየተያዩ ሊያነጻጽሩ ነው። ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

1. የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ መሳቢያዎ ውስጥ ስላኖሩልን። ኮምፒውተሮቹ ልጅ ሳይነካቸው አዲስ እንደሆኑ አሉ።

2. ፈቃድ ፍለጋ በመጣሁ ቁጥር «ነገ ብቅ ይበሉ» እያሉ ስላበረቱኝ። የዚያኛው ትምህርት ቤት መምህርት ቀጠሮውን ደጋግማ አራዘመችልን፤ በመጨረሻም እርስዎ እሺ አሉ።

3. በቀጠሮው ጧት ክፍሉን «ትምህርት ቤቶችን በኢንተርኔት ስለማገናኘት» ለሚመክር ስብሰባ ስለወሰዱት። ልጆቹ የውሃ ጠርሙሳቸውን ታቅፈው ኮሪደር ላይ ቀሩ። ቸግሮኝ በራሴ ስልክ አገናኘኋቸው።

ውጤቱን የምታቀርበው፣ ስለምትንተባተብ ክፍል ውስጥ ተናግራ የማታውቅ ልጅ ነበረች። «እኔ ላቅርብ» ያለችው ራሷ ናት፤ እናቷ ዕቃ ስታጥብ አጠገቧ ቆማ ስትለማመድ ሰንብታለች። «የእኛ ው... ው... ውሃ» ብላ ጀመረች። ከስልኩ ማዶ ያሉት ልጆች አንዳቸውም ሳይስቁ ጠበቋት። ይኸኔ እርስዎ በሩን ከፍተው «ጸጥታ! ስብሰባ ላይ ነን!» አሉ። ልጅቷ ስልኩን መለሰችልኝ። እነዚያም እኛን መጠበቅ ሰልችቷቸው ሥራውን ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ሊጨርሱት ነው።

ጌታዬ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ማንን እንደምለምን ጠፍቶኛል። አንድ ጧት ብቻ ይስጡን፤ የዚያኛው ትምህርት ቤት መምህርት እንደገና እንድትቀበለን እግሯ ላይም ቢሆን እወድቃለሁ።

በር ላይ መቆም ያላሰለቻት፣
ታዛዥዎ የሳይንስ መምህርት

ማስታወሻ፦ ልጅቷ ስብሰባዎን ስለረበሸች ይቅርታ እንድጠይቅላት አደራ ብላኛለች። ያለችኝ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በአፏ አትናገርም።