በሄለን ስልክ የሚገባው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5
ስብሰባ በስልክ፣ እንደገና። የኮተቤዎቹ ተማሪዎች በሥራ ቀን ወሰን ሰፈር ድረስ መምጣት አይችሉም፤ ስለዚህ ችግረኛ ጠያቂው የጸሎት ቤታችን ቡድን በኢንተርኔት ይሰበሰባል። ሊቀ መንበሩ ጋሼ ደምሴ ዛሬም ግንባራቸውን ብቻ አሳዩን። ሰፊ ነው፣ ኔትወርክ ሳይዝ አይቀርም። እኔ «የቴክኖሎጂ ኃላፊ» ነኝ፤ አንድ ቀን የስልካቸውን ድምፅ ስለቀነስኩላቸው።

ከታች አንድ ጥቁር ሣጥን። «ሄለን» ይላል። አያወራም። ሄለን እኮ ስልክ የላትም! ወንድሟ ደብድቦ ቀማት፤ እኛ ነን ከሱ አሽሽተን እንጦጦ የደበቅናት። ኔትወርኩ ነው ብዬ ሳቅኩ። ከዘጋሁት በኋላ ግን የቤቴን በር መቆለፌን አረጋገጥኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 8
ሌላ አፕ አገኘሁ። ይለፍ ቃል አለው፣ ቁጥራችንንም ለማንም አያሳይም። የድሮው የሁላችንንም ቁጥር ያሰጣል፤ ሊንኩ ያለው ሁሉ ዘው ይላል። ለጋሼ አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፣ ጸሎት ቤት ይቆለፋል እንዴ?» ይቆለፋል። ቁልፉም እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ዋጥ አደረግኩት፣ ታላቅ ናቸው።

ስለ ጥቁሩ ሣጥንም ነገርኳቸው። የስልክ ብልሽት ነው አሉ። ማስታወሻዬ፣ ብልሽት ሰዓት አክብሮ ይገባል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12
ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል። ጭሱ ቤት ገብቷል። ጥቁሩ ሣጥን ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶ ጠበቀን። ላስወጣው ወይ ብዬ ጮህኩ፤ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀምረዋል፣ አይሰሙም። «እንጦጦ፣ እንጨት በምትሸጠው በእህት ጫልቱ ቤት ያስጠጋናትን ሄለንን ጠብቃት!» ጌታ አድራሻ ቸግሮት!

ከአሜን በፊት ጥቁሩ ሣጥን ወጣ።

ሰምቶ እንደወጣ ለጋሼ ነገርኳቸው። በስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊታቸውን አየሁ። አመድ መስሏል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13
ትናንት ወዲያው ታክሲ ተኮናትረን ወደ እንጦጦ ወጣን። ጋሼ ዳገቱን እያለከለኩ ሮጡ። አልሳቅኩም። ከወንድሟ ቀድመን ደረስን። ሄለን አሁን ሌላ ቦታ ናት፤ የት እንደሆነ፣ ማስታወሻዬ፣ ላንቺም አልጽፍም።

ዛሬ ጠዋት ወንድሟ እዚያ ቤት መጣ አሉ። እትዬ ጫልቱም እንደ ገዢ ቆጥረው «ስንት ሸክም እንጨት ልስጥህ?» ብለውታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 15
አዲሱ አፕ። ጋሼ ይለፍ ቃሉን በአንድ ጣት፣ እንደ ምስር እየለቀሙ አስገቡ። ሲጸልዩም፦ «ያቺን... አንተ የምታውቃትን።» አሜን አሉ።

ከዚያ የድሮውን የስብሰባ ክፍል ላጠፋ ገባሁ። ጥቁሩ ሣጥን ብቻውን ተቀምጧል። ይተነፍሳል። አጠፋሁት።

አሁን ስልኬ ይጠራል። «ሄለን» ይላል። ወንድሟ ቁጥሬን ከድሮው አፕ ነው ያገኘው። ነገ ሲም ካርዴን እቀይራለሁ፣ ለጋሼም እነግ— እንደገና ጠራ። አላነሳም። አላነሳም።