የውሻ ምራቅ የነካቸው የወይዘሮ የሺሀረግ ዘርሁን ሕይወት

ወይዘሮ የሺሀረግ ዘርሁን ከአባታቸው ከአቶ ዘርሁን ታዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ለማ በ1975 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሲና ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውንም እዚያው እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተከታትለዋል። በ1996 ዓ.ም. ከአቶ ደሳለኝ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ልጃቸውን ሶሊያናን ወለዱ። ባለቤታቸው በመኪና አደጋ ሲያርፉ፣ ሕፃኗን ለታናሽ እህታቸው ለሃና አደራ ሰጥተው በ2003 ዓ.ም. ወደ ዶሃ አቀኑ።

እስከዚህ ድረስ ታሪካቸው ግልጽ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ይህን ለምትጽፈው ለሃና ራሷ እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባትም።

እዚያው ዶሃ፣ አል አዚዚያ ሰፈር፣ ማዳም ሙኒራ ቤት ሲሠሩ፣ የቤቱ ውሻ አፉን ለሐኪም አልከፍት ብሎ ሁሉን ሲያስቸግር ለወይዘሮ የሺሀረግ ብቻ ይከፍት ነበር። ይህን ያዩት የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ፈውዚያ ማዳምን አስፈቅደውና ኢቃማቸውን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ አዛውረው በ2011 ዓ.ም. ክሊኒካቸው ቀጠሯቸው። ወይዘሮ የሺሀረግም ለቤተሰብ ደውለው፣ «የውሻ ምራቅ እሰበስባለሁ» አሉ። ቤቱ ውስጥ ምን ብሎ ደስታውን እንደሚገልጽ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው አሉ። ውሻ ድዱ ቢታመም አይናገርም፤ ጥርሱ እስኪነቃነቅ ድረስ እየበላ ዝም ይላል። ስለዚህ በጉንጩና በድዱ መካከል ጥጥ ተደርጎ ምራቁ ይወሰዳል። ምራቁ የነካው ወረቀት ቀለሙን ከቀየረ ሐኪሟ አፉን አጥብቀው ይመረምራሉ። የራሱን ጥርስ ሕመሙ እስኪያስለቅሰው ድረስ የማያስመረምረው ቤተሰባችን ግራ ተጋባ። ወይዘሮ የሺሀረግ ግን ሥራውን ወደዱት። ውሾቹን «የኔ እናት፣ አንዴ ብቻ» እያሉ በአማርኛ ያባብሏቸው ነበር።

ችግሩ አርብ አርብ ነበር፤ ዶሃ የሚቀደሰው በዚያ ቀን ነውና። ልጅ ሳሉ ውሻ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ካህናቱ ሲደነግጡ፣ ቅዳሴው ሲታጎል አይተው ስለነበር፣ ምራቁ የነካው ሰውም እንደዚያው ነው ብለው ደመደሙ። ክሊኒክ ከገቡ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ከበሩ ግን አያልፉም፤ አይቆርቡምም። የንስሐ አባታቸውን ቀሲስ ዕዝራን አልጠየቁም፤ ሥራውን ተዪ እንዳይሏቸው ፈርተው ነው። ሥራውን ይወዱታል፤ ሳይቆርቡ መሞትም ያስጨንቃቸዋል። መንሱራ በሚባለው ሰፈር አብራቸው የምትኖረው የኮምቦልቻዋ ሩሚያ፣ «የሺ፣ እኔ የውሻ ምራቅ ልብሴን ከነካኝ ታጥቤ እሰግዳለሁ። እናንተ ጋ ውሃ የለም እንዴ?» ትላቸው ነበር። «የእኛ ይለያል» ይሏታል። በምን እንደሚለይ ግን እርሳቸውም አያውቁትም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እየደከሙ ሲሄዱ፣ ሩሚያ «ኸላስ! ከዚህ በላይ ዝም አልልም» ብላ ለቀሲስ ዕዝራ ደወለች። ቀሲስ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ሁሉን ሰሙና፣ «ልጄ፣ ታጥበሽ መግባት ነበር እኮ! ውሾቹንም እግዚአብሔር ነው የፈጠራቸው» አሏቸው።

በተከታዩ አርብ ሩሚያ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወሰደቻቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ የሺሀረግ ጎማውን በእጃቸው ያዙት። ሩሚያም «ያላ የሺ፣ ልቀቂው» አለቻቸው። ለቀቁት፤ ገብተውም ቆረቡ። ያን ዕለት ለሃና ደውለው ብዙ አለቀሱ። «ሃናዬ፣ ለካ ማንም አልከለከለኝም። ያን ሁሉ ዓመት ታዲያ ማን ነው ውጭ ያቆመኝ?» አሏት። ሃናም አብራ አለቀሰች።

ወይዘሮ የሺሀረግ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ልጃቸውን ሶሊያናን፣ እናታቸውንና እህታቸውን ሃናን ትተውልናል። አስከሬናቸውን አጅባ የመጣችው ሩሚያም ከቤተሰቡ ትቆጠርልን። ጥያቄያቸውን ዛሬም መመለስ አልቻልንም። ቸሩ አምላክ ደጅ ሳያስጠና ነፍሳቸውን ይቀበልልን። አሜን።