ያልፈረምኩበት ደብዳቤና የጋሼ ተሾመ ስንብት

ሰኞ፣ ግንቦት 26

ልምምድ ዛሬም ዘግይቶ ተጀመረ። መብራት የለም። ጀነሬተሩ ሁለቴ አጉረመረመና ዝም አለ። በመስኮት በሚገባው ጭላንጭል አዜምን። ውጭው ጉም ነው፤ እርስ በርስ እንኳ በደንብ አንተያይም።

አንድ ነገር ልንገርሽ ደብተሬ። አሰልጣኛችን ጋሼ ተሾመ ዛሬ ጓደኛዬን ከድጃን አልተቆጧትም። የመክፈቻው ስንኝ የሷ ብቻ ነው፤ በግልጽ ሳተችው። ሁላችን ሰማን። ራሷም አፏን ይዛ ቀረች። እሳቸው እጃቸውን እያወዛወዙ አለፉ።

እኚህ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ኅብረ ዜማ ቡድን ከተመሠረተ ጀምሮ የመሩ ናቸው። የቄስ ልጅ፣ ዜማን ከአባታቸው የተማሩ። ከሃያ አራት ሰው መሃል ማን እንደሳተ ዓይናቸውን ጨፍነው በስም ይጠራሉ። ይጠሩ ነበር ልበል?

የስንብት ኮንሰርታቸው ሰኔ 15 ነው። ለጡረታ ገና ሦስት ዓመት ይቀራቸዋል። ራሳቸው ጠይቀው ነው ይባላል። አላምንም። ይህን ቡድን እንደ ልጅ ያሳደገ ሰው ብድግ ብሎ ልሂድ አይልም። ገፊ አለ።

ማን እንደሆነም ሳልገምት አልቀረሁም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 28፣ የምሳ ሰዓት

ዳዊት። የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ለቡድኑ ደግሞ ኪቦርድ ተጫዋችና የጋሼ ረዳት። አገሩ ከላላ። ትሑት ነው ይሉታል። እኔን ዝም የሚል ሰው አይጥመኝም።

ዛሬ 4 ሰዓት ላይ ከሬጅስትራር መስኮቴ አየሁት። ካኪ ፖስታ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ሰው ሀብት ቢሮ ገባ። ባዶ እጁን ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ጠብቄ ምን ጉዳይ ነበረህ አልኩት። ምንም፣ አለ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ሌላም አለ። ካለፈው ወር ወዲህ አቋቋማችንን ቀይሮታል። ቀጭን ድምፅ ያላቸውን ሴቶች፣ ሶፕራኖዎቹን፣ ከጋሼ ቀኝ አንስቶ ወደ ግራቸው ወሰደ። እኛን አልቶዎቹን፣ ዝቅ ያልነውን፣ ወደ ቀኝ። ለምን ሲባል፣ ለድምፅ ይመቻል። ከድጃ አልቻለችም፤ አሰልጣኜ ጋሼ እንጂ አንተ አይደለህም ብላ ሰው ፊት ተጣላችው። እሱ ወደ ኪቦርዱ ተመለሰ። ጋሼ እያዩ ልምምዱን ቀጠሉ።

ከሁሉ የከነከነኝ ጣቱ ነው። ጋሼ ሲመሩን እሱ ከኪቦርዱ ኋላ አንድ ጣት ያነሳል፣ ይጥላል፣ መዳፉን ያዘነብላል። ወንዶቹ አይተው ይሳሳቃሉ። በትልቅ ሰው እንዲህ ይቀለዳል?

ዓርብ፣ ግንቦት 30

ዝናብ። ከልምምድ ወጥቼ ጃንጥላዬን ረስቼ ተመለስኩ። በሩ ተዘግቷል። ውስጥ ዳዊትና ጋሼ ብቻ። ዳዊት ይጮኻል። በጋሼ ላይ! ቃል በቃል ልጻፈው፤

“እስከ ኮንሰርቱ ብቻ ነው ጋሼ! ከዚያ በኋላ ማንም አያውቅም!”

ጋሼ በዝግታ፣ እሺ፣ እንዳልክ፣ አሉ።

እንዳልክ! ሃያ አራት ሰው በአንድ ግልምጫ ቀጥ የሚያደርጉ ሰው።

ጃንጥላዬን ትቼ በዝናቡ ሄድኩ። ለከድጃ ልነግራት አሰብኩ። ተውኩት። ከድጃ ሆዷ ውስጥ ነገር አያድርም፤ በማግስቱ የመካነ ሰላም ከተማ ሙሉ ይሰማዋል። ምን አስፈራርቷቸው ይሆን? ምን ይዞባቸው?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 1

አደረግሁት።

ጠዋት ቢሮ ማንም የለም። አንድ ገጽ። ቡድናችንን ለሚያስተዳድረው የባህል ማዕከል ኃላፊ። ዳዊት በአሰልጣኙ ላይ ሰው ፊት እንደሚያላግጥባቸው፣ በር ዘግቶ እንደሚያስፈራራቸው፣ ከሥራ እንዲለቁ ያደረገው እሱ እንደሆነ። የመጨረሻውን በእርግጥ አላውቅም። ጻፍኩት።

አልፈረምኩም። አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንሠራው፤ ነገ ኮምፒውተሬ ሲበላሽ የምጠራው እሱን ነው። ይህ ምክንያት ነው? ነው። በበሩ ሥር አሾልኬ ወደ ገበያ ወረድኩ። ሽንኩርት ገዛሁ። ሻጯ ሁለት ጊዜ ስትጠራኝ አልሰማሁም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ኃላፊው ዳዊትን ትናንት አስጠራው። ነገሩ እስኪጣራ ከቡድኑ ታግዷል። ፈቃድ ሞልቶ ዛሬ በማለዳው መኪና ከላላ ገባ። ማንንም አልተሰናበተም። ሊቀለኝ ይገባ ነበር። አልቀለኝም።

አሁን ሁሉም ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማን ጻፈው? ዓይን ሁሉ ከድጃ ላይ። የተጣላችው እሷ ናታ። ካፌ ውስጥ አንዱ ልጅ ቀና ብሎ፣ ፊት ለፊት መናገር አይሻልም ነበር ወይ አላት። ተነስታ ማለች።

“ወላሂ እኔ አይደለሁም!”

ማን ይመናት። ወንበራቸውን ራቅ ራቅ አደረጉ። አየሁ።

ስንመለስ ክንዴን ያዘች። ከድጃን የማውቃት ከተማሪነታችን ነው፤ አንድ ክፍል ተኝተናል፤ አብረን ተመርቀን አብረን ተቀጥረናል፤ እሷ ቤተ መጻሕፍት፣ እኔ ሬጅስትራር።

“የሺዬ፣ አንቺም ትጠረጥሪኛለሽ?”

አብሽሪ፣ ያልፋል፣ አልኳት። አልጠረጥርሽም አላልኳትም። ልብ ብላዋለች። ክንዴን ለቀቀች።

ዓርብ፣ ሰኔ 7

ልምምድ ያለ ዳዊት። ጉድ ነው።

ወንዶቹ ተራቸው ሳይደርስ ማዜም ጀመሩ። ጋሼ አልመለሷቸውም። በሦስተኛው ዜማ ሶፕራኖዎቹ ተደነቃቅፈው በሳቅ ቆሙ፤ ሁላችን ቆምን፤ የጋሼ እጅ ግን ቀጠለ። ትንሽ ነው፣ አንድ እስትንፋስ ያህል። ከዚያ አፋችንን አይተው እጃቸውን አወረዱ። አፋችንን አይተው።

ጥርጣሬዬ መንገድ ቀየረ። ክፉ ነገር አደረግሁ ደብተሬ። ከጋሼ በስተቀኝ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ስንደግመው ሆን ብዬ ሳትኩ። ጮክ ብዬ። ከጎኔ ያለችው ልጅ በክርኗ ጎሸመችኝ። ጋሼ ወደኔ ዞሩ፣ ፈገግ አሉ፣ ጎሽ የሺ አሉኝ።

ጎሽ የሺ።

 

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ አልጋነሽ ከፈቱልኝ። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። እትዬ አልጋነሽ ከመናገራቸው በፊት የጋሼን ትከሻ ነካ አደረጉ። ያኔ ገባኝ፤ ግን መስማት ነበረብኝ።

በቀኝ በኩል ልቀመጥ ስል፣ በግራ ሁኚ አሉኝ። ፈተንሽኝ አይደል? አሉ። የትናንቱን ከፊቴ አውቀውታል። ማልቀስ ጀመርኩ። አልተቆጡም።

የቀኝ ጆሯቸው ከሞተ ሁለት ዓመት። ግራውም እየተከተለው ነው። “መጀመሪያ የጠፉኝ ወፎቹ ናቸው” አሉኝ። “ቀጥሎ ሶፕራኖዎቹ።” የደረሰባቸው ዳዊት ብቻ ነበር። ነቅቶ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። አቋቋማችንን የቀየረው ቀጭኑ ድምፅ ለግራ ጆሮ እንዲቀርብ ነው። ጣቱ ቀልድ አይደለም፤ ከፍ ሲሉ ከፍ፣ ሲወርዱ ዝቅ፣ ሰው ሲስት መዳፉን ዘንበል። ከድጃ የሳተች ቀን ጨለማ ስለነበር ጣቱን አላዩትም። ፖስታው? ደሴ ያያቸው ሐኪም የጻፈው ወረቀት፤ ከጡረታ ማመልከቻቸው ጋር እንዲያያዝ። ጩኸቱ? ካልጮኸ አይሰሙትም። ሰው ሳያውቅባቸው በክብር መሄድ ፈለጉ፤ እሱ እስከ ኮንሰርቱ ይታገሡ ብሎ ያበረታታቸው ነበር።

ሁሉም ነገር መልስ ነበረው። አንዱንም አልጠየቅሁም።

ከዚያ የባሰው መጣ። ከድጃ እንዲህ ያለ ልብ እንዳላት አላውቅም ነበር አሉ። ሰላምታዋን እንደማይመልሱ ነገሩኝ። አፌን ከፈትኩ። እትዬ አልጋነሽ ሻይ ይዘው ገቡ። አፌን ዘጋሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 9፣ ከላላ ደርሼ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ

መንገዱ ጭቃ። ጽሑፌ ይዘላል።

ዳዊትን በአባቱ እርሻ ዳር አገኘሁት። ገብስ ሊዘሩ ያርሳሉ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ድንጋይ ይለቅማል። ሲያየኝ አልተገረመም። ለጋሼ ሲል እንዲመለስ ለመንኩት። ያለ እሱ መድረክ ላይ መዋረዳቸው እንደማይቀር ነገርኩት። ድንጋይ መልቀሙን ቀጠለ። ከዚያ እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ቀሎ ተሰማኝ።

“አውቃለሁ” አለ። “ከድጃ ብትሆን ስሟን በትልቁ ነበር የምትጽፈው።”

ይቅርታ ልል ስጀምር እጁን አነሳ።

“ለኔ ተዪው። እኔ ለጋሼ ስል እመጣለሁ። ከድጃን ነው እንደ ሌባ የሚያዩዋት። ከኮንሰርቱ በፊት ለሁሉም ትናገሪያለሽ?”

አዎ አልኩ። እናቱ ሳልበላ እንዳልሄድ ያዙኝ። ልጃቸውን ያሳገድኩ መሆኔን አያውቁም። እንጀራ በእጃቸው አጎረሱኝ። እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ጋሼ ቀደሙኝ። ልምምድ ሳይጀመር ቆመው ራሳቸው ተናገሩ። ጆሮዬ ከድቶኛል፣ ዳዊት ጆሮዬ ነበር፣ አሉ። ሌላ አላሉም። ወንዶቹ አለቀሱ። ተጠርቶ የመጣው ኃላፊ እዚያው እገዳውን አነሳ። በር ላይ ይጠብቅ የነበረው ዳዊት ወደ ኪቦርዱ ሲሄድ ሁሉም ተነስቶ አጨበጨበ።

ከድጃም ታጨበጭብ ነበር። ከጎኗ ያሉት ሁለቱ ሴቶች ቦታ ለቀው ሄዱ። አንዷ፣ ታማሚ ሰው ላይ እንዲህ ይሠራል፣ አለች፤ እሷ እንድትሰማ ነው። ከድጃ የዜማ ወረቀቷን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ያ ጊዜዬ ነበር። ሁሉም ተሰብስቧል። ዳዊት አየኝ። የዜማ ወረቀቴን ገለጥኩ።

ጋሼ የመክፈቻውን ስንኝ ለኔ ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ደብተሬ፣ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15፣ 8 ሰዓት

አንድ ሰዓት ቀርቶናል። አዳራሹ ሞልቷል፤ ነጋዴው፣ ካህናቱ፣ ሼሁ፣ ከደጎሎ ድረስ የመጡ የጋሼ የድሮ ተማሪዎች። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ነን። አሁን ልናገር? ጋሼ ተጨንቀዋል። አሁን ብናገር ኮንሰርቱን አበላሻለሁ። ይህም ምክንያት ነው? ከድጃ አልመጣችም። ዳዊት ወደኔ አያይም።

አልተናገርኩም።

እሑድ፣ ሰኔ 16፣ ጠዋት

አማረ። እውነቱን ልጻፍ፤ እጅግ አማረ። የከድጃን ስንኝ አንድም ሳልስት አወጣሁት። ጋሼ የዳዊትን ጣት እያዩ መሩን፤ አሁን የሚደብቁት ነገር የለምና ፊት ለፊት፣ እንደ ልጅ ፈገግ እያሉ። በመጨረሻው ዜማ እጃቸውን አወረዱ። መሃላችን ገቡ። ወፍራም ድምፅ ካለው የእርሻ ተማሪ ኋላ ቆመው መዳፋቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉ። እንዲያ ነው የሰሙን። ልጁ እያለቀሰ አዜመ፤ ድምፁ ግን አልተሰበረም።

ጭብጨባው ሲያልቅ ሰው እየመጣ አቀፈኝ። ምን ያለ ድምፅ ነው አሉኝ። አንድ ሰው፣ እንኳን ያቺ ምቀኛ ቀረች፣ አለ። ፈገግ ብዬ አመሰገንኩት። አመሰገንኩት! ዳዊት የኪቦርዱን ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

“ጥሩ አዜምሽ” አለኝ። ጠቅልሎ ሄደ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ስጠረጥር ከረምኩ። ዳዊትን፣ ቀጥሎ ጋሼን ራሳቸውን። መጠርጠር የሚገባው ሰው ይህን እስክሪብቶ ይዞ ነበር።

ነገ 10 ሰዓት ቡድኑ ለመሸኛ ሻይ ይሰበሰባል። ጋሼም ይመጣሉ። ቆሜ እናገራለሁ፤ ለጋሼ በግራቸው በኩል፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ያውጣኝ፣ ኃላፊው ይክሰሰኝ፣ እንደፈለጉ። ግን ከድጃ ከሰው ልትሰማው አይገባም። ቀድማ ከኔ ነው መስማት ያለባት።

አሁን ጫማዬን አድርጌያለሁ። ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው፣ ከመስጊዱ በታች። ሩቅ አይደለም። ካላስገባችኝ በረንዳው ላይ ቆሜ እነግራታለሁ፤ ጎረቤትም ይስማ። የመጀመሪያውን ቃል ግን እስካሁን አላገኘሁትም። ከድጃ፣ እኔ