ግራው አይሠራም

ጥቅምት 6

ዛሬም ያው ነው። ቢሮ ገብቼ ሄድፎኑን አጠለቅሁ፣ የጆሮው ስፖንጅ ተልጦ ጥቁር ፍርፋሪውን ጉንጬ ላይ ተወልኝ። እስከ ምሳ ይዤው ዞርኩ። የነገረኝ የለም። በግራዬ ያለችውማ ምን ትናገራለች... ሽቶ ውስጥ ተነክራ ትመጣለች፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ቁጭ። ሁለት ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ አንድ ቀን «እንደምን አደርሽ» ብላኝ አታውቅም። «ድንጋይ» ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ፣ በሆዴ።

ሥራው ደግሞ ሥራ ቢሆን። ችሎት ላይ የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ መጻፍ። የዳኛው ማይክ በቀኝ ጆሮ ይገባል፣ የምስክሩ በግራ። ዳኛው ጥርት ብለው ይሰማሉ። ምስክሮቹ ግን... ምን ዓይነት ሰው ነው? አፉን ከፍቶ የሚናገር ጠፋ! ፍርድ ቤት ድረስ መጥቶ ማንሾካሾክ። ያልተሰማውን «አልተሰማም» ብሎ ማለፍ ነው ደንቡ። ዛሬ ገጹ ግማሽ በግማሽ «አልተሰማም» ሆነ።

ጥቅምት 8

ኃላፊያችን አስጠራኝ። ወረቀቶቼን እንደ ቆሻሻ ጨርቅ በሁለት ጣት ያዛቸው።

«ይሄ ወንፊት ነው ወይስ የችሎት ጽሑፍ? ይግባኝ የሚሉ ሰዎች በዚህ ምን ይዘው ይሂዱ?»

«ሄድፎኑ ነው። ግራው አይሠራም።»

«የሌሎቹም ያው ሄድፎን ነው።»

ሌሎቹማ ባይሰማቸው ፈጥረው ይጽፋሉ! ይሄን በሆዴ። በአፌ «አዲስ ይገዛልኝ» ብቻ አልኩ።

«በጀት የለም። እስከ ወር መጨረሻ ካልተስተካከለ መዝገብ ቤት ትወርጃለሽ።»

በጀት የለም! የራሱ አዲስ ወንበር ግን ይሽከረከራል፣ እያወራኝ ሁለቴ ዞረበት። መዝገብ ቤት ማለት ምድር ቤት ነው። አቧራ፣ መስኮት የለ፣ ደመወዙ ዝቅ ያለ። እማዬንና እኔን የሚያኖረን ይሄው ደመወዝ ነው። ራሴ እገዛለሁ። እስቲ ያኔ ምን እንደሚል አያለሁ።

ጥቅምት 9

የአክስቴ ልጅ መጣ። ስልክ ይጠግናል፤ ስለዚህ የማያውቀው ነገር የለም።

«ቤዝ ያለው ግዢ፣ ደረትሽን የሚመታ።»

ዳኛው ደረቴን እንዲመቱኝ ነው?

«እሺ ብሉቱዝ። ሽቦ ድሮ ቀረ እኮ!»

ድንቄም ባለሙያ። ችሎቱ መሃል ላይ ቻርጅ ጨርሶ እንዲዘጋብኝ። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ሦስት ነገር ነው፦ የሰው ንግግር ጥርት አድርጎ የሚያሰማ፣ ቀኑን ሙሉ ጆሮ የማያቃጥል፣ ኪሴን የማያራቁት። ይሄን ለማስረዳት ራት ቀዘቀዘ። እማዬ ትስቃለች። ሰሞኑን ደግሞ ወንበሯን ከግራዬ አንስታ በቀኜ አድርጋለች፣ ማድቤቱ በግራ ሆኖ ሳለ! «ምን ሆነሽ ነው?» ብላት «እዚህ ይመቸኛል» አለች። የእርጅና አመል።

ጥቅምት 11

ሱቅ ለሱቅ ዋልኩ። እግሬ አበጠ።

አንደኛው ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ ሰጠኝ። ጠርሙስ ነኝ እንዴ በቡሽ የምወተፈው? ሁለተኛው የሚያምር፣ ወርቃማ፣ ከባድ... መነጽሬን ከጆሮዬ ጀርባ እንደ ጉጠት ቆንጥጦ ያዘው። ሻጩ «አምሮብሻል እናቴ» ይለኛል። እናቴ! ጺሙ እኮ ሸብቷል!

ሦስተኛው ደህና ነበር። ለስላሳ። ግን ግራው ደከም ያለ። ሌላ አመጣ፣ የእሱም ግራው ደካማ። ሌላ ሱቅ ሄድኩ፣ እዚያም ግራው። ጉድ ነው! ፋብሪካው ውስጥ ግራ ግራውን የሚገጥመው ሰካራም ነው? እንዲህ ያለውን ዕቃ ሰው ዝም ብሎ ገዝቶ ይሄዳል፣ እኮ ለምን? ስለማይሰማ ነዋ! ሰው ከገዛው በኋላ ደህና ነው ብሎ ራሱን ያታልላል።

ጥቅምት 13

ገዛሁ። ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን፣ ትራሱ ጨርቅ የሆነ፣ ቀላል። ሽቦው ረጅም ነው፣ በግራ በኩል ይወርዳል። መነጽሬን አይነካም። ዋጋውም ደህና።

ግራው ግን... «ሲቆይ ይከፈታል እናቴ» አለኝ ያ ባለ ጺም። ጫማ ነው ሲቆይ የሚሰፋው? ቢሆንም የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ወሩ እየገሰገሰ ነው።

ጥቅምት 16

ምቾቱን አልክድም። ቀኑን ሙሉ አድርጌው ጆሮዬ አላቃጠለም፣ አናቴን አልተጫነኝም። ረስቼው ውሃ ልጠጣ ስነሳ ሽቦው ጎትቶ መለሰኝ።

ግራው ግን አልተከፈተም። ዛሬ አንዲት ምስክር ነበረች፣ ጎረቤቷን ሲደበድቡት ያየች። ዳኛው «በዓይንሽ አይተሻል?» አሏት። መልሷ የትንኝ ድምፅ ሆነብኝ። ድምፁን ጨመርኩ፣ ጨመርኩ... ዳኛው ቀኝ ጆሮዬን ሊበሱት ደረሱ፣ እሷ ያው ትንኝ ናት። አልተሰማም። አልተሰማም። አልተሰማም። ይሄ ፈሪ ሕዝብ!

ጥቅምት 17

ልመልሰው ሄድኩ። ባለ ጺሙ አጠለቀው። «ሁለቱም ይሠራል እናቴ።» አላፊ አግዳሚ ጠራ፣ አንድ ተማሪ አጠለቀ፣ «ይሠራል»። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት መጣች፣ «ኧረ አሪፍ ነው!» ተመካክረው ነው። «ሁላችሁም ሌባ!» ብያቸው ወጣሁ። ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር። ይይ።

ጥቅምት 20

ጠዋት አርፍጄ ገባሁ። በጥድፊያ አጠለቅሁት፣ የዚያችን ምስክር ችሎት ከፈትኩ።

ተናገረች! ጥርት፣ ቁልጭ ብላ። ተከፈተ አልኩ፣ እውነቱን ነበር ማለት ነው ያ ሰውዬ... ግን ዳኛው የሉም። ጠፍተዋል። ሴትዮዋ ማንም ሳይጠይቃት ትመልሳለች።

ሽቦውን አየሁት። በቀኝ ትከሻዬ ነው የወረደው። ገልብጬ ነው ያደረግሁት።

አስተካከልኩ፦ ዳኛው መጡ፣ ሴትዮዋ ሄደች። ገለበጥኩ፦ እሷ መጣች፣ እሳቸው ሄዱ። እንደገና። እንደገና። አውልቄ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ቀኝ ጆሮዬ አጠገብ ጣቶቼን አፋተግኩ፣ ይሰማል። በግራ አፋተግኩ።

ምንም።

ሄድፎኑ ደህና ነው። የድሮውም ደህና ነበር።

ጥቅምት 21

ሥራ አልሄድኩም። ለእማዬ ነገርኳት። አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«በግራሽ ስጠራሽ ዝም ትይኛለሽ። የተቀየምሽኝ መስሎኝ ስንት ጊዜ አለቀስኩ። ኋላ በቀኝሽ ሞከርኩ፣ መለስሽልኝ። ከዚያ ወንበሬን አዞርኩ፣ አለቀ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?!»

«ይኸው እንዲህ ስለምትጮኺ። አንቺ ደግሞ መቼ ይነገርሻል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ልጄ።»

አለቀስኩ። ፊቴን አዙሬ ነው፣ እንዳታይ። አየች።

ጥቅምት 24

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጆሮ ሳለልኝ። ጆሮ አይቼ የማላውቅ ይመስል! ነርቩ ነው፣ የሄደው አይመለስም አለ፣ ቀስ እያለ ስለሚሄድ ባለቤቱ አያውቀውም አለ። በጣም ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ረጋ ያሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ፈራሁ። መፍራቴን ግን አልነገርኩትም።

ጥቅምት 25

ለኃላፊው ነገርኩት። ወንበሩ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሽከረከር አየሁት። ኮምፒውተር የሚያስተካክለውን ልጅ ጠራልኝ፣ እሱም አንድ ነገር ተጫነ፣ ሁለቱም ድምፅ በሁለቱም ጆሮ ይገባ ጀመር። ይሄው ነው። ለዚህ ነው ከተማውን የዞርኩት!

መጀመሪያ የዚያችን ምስክር ከፈትኩ። «በዓይንሽ አይተሻል?» አሏት። ትንኝ ያልኳት ሴትዮ ትጮኻለች። «አይቻለሁ! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!» እያለቀሰች ትጮኻለች። እኔ ሦስት ጊዜ «አልተሰማም» ብዬላታለሁ። ሰርዤ ያለችውን ጻፍኩት። ገና ስንት ገጽ አለ...

መዝገብ ቤት ቀርቷል። ባለ ጺሙ ጋም መሄድ አለብኝ። ነገ። ወይም ከነገ ወዲያ።

ጥቅምት 28

ጠረጴዛዬን አዞርኩ። ፀሐይ ወጋኝ አልኩ፣ ምክንያት አይጠፋም። አሁን ድንጋይ በቀኜ ናት።

ጠዋት ገባች። ሽቶዋ ቀድሟት ገባ፣ እሱ አልተለወጠም። ቦርሳዋን ሰቀለች፣ ሳታየኝ፣ ኮምፒውተሯን እያበራች፣ መልስ እንደማይጠብቅ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«እንደምን አደርሽ።»

ይሄን ስንት ጠዋት ብላዋለች?

«ደህና... አንቺስ እንደምን አደርሽ?» አልኳት።

እጇ ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ። ቀስ ብላ ዞረች። መጀመሪያ ከኋላዋ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አየች። ከዚያ እኔን።

«እኔን ነው?» አለች።