አራቱ ኤፎቼ እንደምን ሰነበቱ?

ለተከበሩ የዌስተርሊ የሕግ ትምህርት ቤት የቅበላ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ፋይሌን ላነበቡት የኮሚቴ አባላት በሙሉ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ የላኩልኝ የ«እናዝናለን» ደብዳቤ፣ እንደ ወትሮው በመልካም ወረቀት ታትሞ፣ በሰላም ደርሶኛል። ስሜ ሎረታ ፕሩዊት ይባላል። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በምሥራቅ ኬንታኪ በአንድ አነስተኛ ፍርድ ቤት፣ ለድሆች ጥብቅና በሚቆም ቢሮ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በረዳትነት ሠርቻለሁ። የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውንም ከመቶው ተፈታኝ ዘጠናውን በልጬ አልፌአለሁ። እናንተ ግን ከእኔ ይልቅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አራት ኤፍ ያመጣችውን ልጅ ማስታወስ መርጣችኋል። ስለ ታማኝነታችሁ አመሰግናለሁ፤ እኔም ልረሳት አልቻልኩም።

ጊዜዎን ላለመሻማት ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. አራቱን ትምህርቶች ደግሜ ሦስት ኤ እና አንድ ቢ ሳመጣ፣ ወይዘሮ ኦፓል የተባሉ የኮሌጃችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «በቃ፣ ኤፎቹ ተሰርዘዋል፤ እርሺያቸው የኔ ልጅ» ብለው አሰናብተውኝ ነበር። እኔም የዋህ አመንኳቸው። ለካ የአመልካቾችን የትምህርት ማስረጃ ሰብስቦ ለእናንተ የሚልከው ማዕከል የወደቅንበትንም የደገምንበትንም አብሮ ይደምራል። የቀበርኳቸው ኤፎች ተነሥተው አማካይ ውጤቴን ሁለት ነጥብ ሦስት ላይ አስቀመጡት። ሙታን ቀድመው የሚነሡት በእናንተ ቢሮ መሆኑን ስላሳወቃችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ. ዝቅተኛ ውጤት ያለው አመልካች ምክንያቱን በግማሽ ገጽ፣ ያለ ሰበብና ያለ እንባ እንዲያስረዳ ታዝዛላችሁ። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና «በቤተሰብ ችግር ምክንያት» ብዬ በሦስት ቃል ጨረስኩት። ኮሚቴው በምላሹ «ያኔ ብስለት ይጎድልዎ ነበር» ሲል በደግነት ጽፎልኛል። ይህ ገጽ የእናንተ ስላልሆነ የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ መኸር ታላቅ ወንድሜ ኮልቢ ያልሰረቀውን የጭነት መኪና ሞተር ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ። ፍርድ ቤቱ ያቆመለት ጠበቃ ኮሪደር ላይ ቆመው ሰባት ደቂቃ አነጋገሩትና «እዚህ ጋ ፈርም። ጥፋተኛ ነኝ ካልክ ገናን ቤትህ ትውላለህ» አሉት። ኮልቢ እስክሪብቶውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። «ሎሪ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ልፈርም ወይ?» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ነበረኝና ቸኩዬ «ፈርም» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳኛው አራት ዓመት ፈረዱበት፤ እኔም ከዚያ ቀን ወዲያ ክፍል አልገባሁም። በመጋቢት ኮልቢ እስር ቤት ውስጥ በሳንባ ምች ሞተ።

፫ኛ. አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ በዚያው ኮሪደር ፋይል ታቅፌ እቆማለሁ። ደንበኞቻችን እስክሪብቶ ይዘው ወደ እኔ ዞር ይሉና «እመቤቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ልፈርም ወይ?» ይሉኛል። ሽማግሌውም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ሁሉም በኮልቢ ድምፅ ነው የሚጠይቁኝ። ፈቃድ የሌለው ሰው የሕግ ምክር መስጠት ክልክል በመሆኑ «ጠበቃው እስኪመጡ ይጠብቁ» ብዬ ዓይኔን ወደ ወለሉ እመልሳለሁ። ምንም ሳላውቅ ያኔ መለስኩ፤ ዛሬ መልሱን እያወቅሁ ዝም እላለሁ። ይህን ሚዛን ስለጠበቃችሁልኝ በምን አንደበት ላመስግናችሁ? አንድ ማክሰኞ አፌ አምልጦኝ «አትፈርም፣ ኮልቢ» እል ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

፬ኛ. ብስለትን በተመለከተ ኮሚቴው ትክክል ነው።

በመስከረም ለአራተኛ ጊዜ አመለክታለሁ። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ለመመለስ የሚያስችለኝን ፈቃድ የማገኝበት ሌላ በር የለኝምና ልማዴን ይቅር ይበሉኝ። ፋይሌ ሲከፈት ያቺ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እንደተለመደው ቀድማኝ ገብታ ብታገኟት፣ እባካችሁ ወንበር ስጧት። ከቆመች ቆይታለች።

አራት ጊዜ የወደቀች፣ ሦስት ጊዜ የተመለሰች፣ ደጃችሁን መጥናቷን ያላቋረጠች፣ እጅ ነሥታ የምትሰናበትዎ፣

ሎረታ ፕሩዊት

ሳልረሳው፦ ባለፈው ጸደይ ለጎብኚዎች በራችሁን በከፈታችሁ ዕለት መጥቼ ነበር። ከቢሮዎ በር በስተግራ በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቁ ተማሪዎቻችሁ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በሁለተኛው ረድፍ መጨረሻ ያሉትን ባለ መነጽር ሰው ወዲያው አወቅኋቸው፤ ኮሪደር ላይ ለኮልቢ ሰባት ደቂቃ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ውጤታቸው ከሥሩ ተጽፏል። አንድም ኤፍ የለባቸውም።