የማሞቂያውን ቱቦ የቀየርኩበት ቅዳሜ

ውድ እታለም፣

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ ሁሌም ትረቺኛለሽ። «ሃሎ» ስትዪ ያዘጋጀሁት ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋብኛል፤ መልሱ ትዝ የሚለኝ ከዘጋሁት በኋላ ሳህን ሳጥብ ነው። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም።

ረቡዕ ደውለሽ «ዘንድሮም መምጣት አይሆንልኝም፤ ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው» ስትዪኝ «እሺ፣ ችግር የለም» አልኩሽ። ችግርስ ነበረው። የእማዬ ግማሽ አካል አልታዘዝ ካላት አራት ዓመት ሞላ። ሁለት ዓመት እኔ፣ ሁለት ዓመት አንቺ ነበር የተባባልነው። የደንብ ልብስ ፋብሪካው የቆራጮች ኃላፊ አድርጎ እንደቀጠረኝ፣ ሰኞ ጠዋት ካልተገኘሁም ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሬሻለሁ። «ታዲያ እማዬን ወዳንቺ ላምጣት» ባልኩሽ ቁጥር አንድ መልስ ነው ያለሽ፦ «ከቤቷ ከወጣች በሐሳብ ትሞታለች።» እኔም አምኜሽ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንግዲህ ከቀረሁ ላይቀር መኪናውን እንኳ ልሥራ ብዬ ወጣሁ። የአባዬ መኪና የማሞቂያው ቱቦ ተሰንጥቆ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። መካኒኩን ሳማክረው «ማሞቂያ ምን ያደርግልሻል? ቱቦውን ቆርጠን መልሰን ሞተሩ ላይ እንሰካዋለን፤ ውሃው እዚያው በዚያው ይዞራል» አለኝ። እዚያው በዚያው መዞሩን እኔም አላጣሁትም። ግን እማዬን በየአሥራ አምስት ቀኑ በማለዳ ሐኪም ቤት ስወስዳት ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነው የምትደርሰው። ስለዚህ አዲስ ቱቦ ገዛሁና ራሴ ልቀይረው ተነሳሁ።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ውሃውን በሳፋ ተቀበልኩ። አሮጌው ቱቦ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ እምቢ ሲለኝ አልጎተትኩትም፤ ከጎተቱት ከውስጥ ያለው ቀጭን ቧንቧ ይሰበራል። በልብስ መቅደጃ ምላጬ በቁመቱ ተረተርኩት፣ እንደ እጅጌ ተከፈተልኝ። አዲሱን በሳሙና ውሃ አርሼ አስገባሁት። የቀረኝ ከሞተሩ ጀርባ ያለችውን ፋሸታ፣ ያችን ቱቦውን አንቃ የምትይዘውን ቀለበት፣ ማጥበቅ ብቻ ነበር። ቀኝ እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ። አጠበቅኩ። ላወጣው ስል አልወጣም።

አምባርሽ ነው የያዘኝ። ስትሄጂ «እስክመለስ እንዳታወልቂው» ብለሽ ያጠለቅሽልኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ወፍሯል፤ ላውልቀው ብልም የሚወልቅ አልሆነም። እና ከአንዱ የብረት ጫፍ ጋር ተቆላለፈ። ስልኬ ቤት ውስጥ፣ የግቢው በር ተቀርቅሮ፣ ጎረቤቶቹ በሙሉ ወጥተው። ስጎትተው ያብጣል፣ ሲያብጥ ይብስበታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ መኪናውን በግራ እጄ እየደበደብኩ የስድብ መዓት አወረድኩበት። ስድቡ ላንቺ የታሰበ ነበር፤ ይቅር በዪኝ። የባሰውን ደግሞ ልንገርሽ። ግንባሬን ብረቱ ላይ ደፍቼ፣ እማዬ ባትኖር ኖሮ ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ አሰብኩት።

«ምን ሆነሽ ነው፣ አንቺ?» አለች እማዬ። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ መኪናው ደግሞ መስኮቱ አጠገብ። ቃላቱ አንድ በአንድ ነው የሚወጡላት።

«እጄ ተይዞ ነው።»

«በምን?»

«በእታለም አምባር።»

በዚያ በግማሽ ፊቷ ሳቀች። «እሷ እኮ... ከሩቅም አትለቅ።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲያ ጎብጬ ቆምኩ። ተጣራሁ፣ የሚሰማ የለም። ወገቤ ሲቆረጥ እንባዬ መጣ፤ ያኔ ነው ደብቄያት የከረምኩትን የዘረገፍኩት። «ሰኞ የምጀምረው ሥራ ነበረኝ እማዬ። በቃ ቀረ። አንቺ ከቤትሽ አትወጪ፣ እኔ ጥዬሽ አልሄድ።»

«ማነው... አልወጣም ያለው?»

«እታለም ናት። እኔም...»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» ድምፅዋ ከታመመች ወዲህ እንዲያ ከፍ ብሎ አያውቅም። «ሁለት ሰዓት ቆመሽ ታለቅሻለሽ። እኔ አራት ዓመት... ይችን አጥር ሳይ። ቆርቆሮዋ ላይ ስንት ሚስማር እንዳለ ልንገርሽ? የልጅ ልጆቼን... በፎቶ ነው የማውቃቸው።»

አራት ዓመት አጥቤያታለሁ፣ አገላብጫታለሁ። የጠየቅኳት ግን ትራሱ ከፍ ይበል፣ መጋረጃው ይዘጋ፣ ይኸው ነው። በስሟ እየተማማልን በእጣዋ የተጫወትነው እኔና አንቺ ነን።

«ቆይ» አለች። በደህናው እጇ ራስጌዋን ስትደባብስ ሰማኋት። መጀመሪያ ማበጠሪያዋ በመስኮቱ በረረና መሬት ወደቀ። ለሙከራ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቀጥሎ ጀርባዋ እንዳይቆስል የማሻት የቅባት ዕቃ መጣ፤ ኮፈኑን መቶ ሞተሩ ላይ አረፈ።

«አየሽ? እጄ ገና አለ!»

ክዳኑን በጥርሴ ከፍቼ ቅባቱን በግራ እጄ ከክርኔ ቁልቁል እስከ አንጓዬ ለቀለቅኩት። ቆዳዬ እየተላጠ እጄ ሾልኮ ወጣ፤ አምባሩ እዚያው ቀረ። ኋላ በፒንሳ ለቅሜ አወጣሁት። ውሃ ሞልቼ ሞተሩን አስነሳሁ። ቱቦው ጠብ አላለም። ማሞቂያውን ስከፍተው መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ ሙቅ አየር መጣ።

«ይሞቃል?» አለች ከመስኮቱ።

«ይሞቃል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ይህን የምጽፍልሽ እሁድ በጠዋት፣ እሷ ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምራ ነጠላዋን ለብሳ እያጣደፈችኝ ነው። መድኃኒቷን በየሰዓቱ ጽፌ ሻንጣዋ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አምባርሽም እዚያው አለ። ተቀይሜ አይደለም፤ «እስክመለስ» ነበር ያልሽው፣ አንቺ ስትቀሪ እኛ መጣን። ፋብሪካው ካንቺ ከተማ አልፎ ነውና በየሳምንቱ እሁድ እመጣለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ደግሞ ተራዬ ሲደርስ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ያኔም እሷን ጠይቄ።

ደብዳቤውን በእጅሽ ሰጥቼሽ ዝም ያልኩት አፍ ለአፍ እንዳትረቺኝ ነው። አሁን ቀና በዪ። መኪናው በርሽ ላይ ነው፤ እንዳይበርዳት ብዬ ሞተሩን አላጠፋሁም። እማዬ መስታወቱን አውርዳ እያየችሽ ነው።

ታናሽሽ