ከቦዩ የወጣው ሞርሳ

ሳይላስ፣

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀህ ብላ። እኔ አክስታችን ጋ ሄጃለሁ። አትከተለኝ።

የጀልባውን ቦይ ሲያደርቁ ሠራተኞቹ ያወጡትን ያንን ብረት ነክሶ የሚይዝ ባለ እግር ሞርሳ፣ «ውዳቂ ብረት ነው፣ ጣይው» ብለኸኝ ነበር። አልጣልኩትም። ሁለት ቀን ላምባ ውስጥ ዘፍዝፌ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ባስለቅቀው፣ ከመንጋጋው ሥር ሦስት ነጥብ ወጣ። የአባባ ምልክት ነው።

«ሞርሳውን ይዞ ዌልስ ኮበለለ» ያልከን አንተ ነህ። ቀጥቃጭ አገር ሲለቅ ሞርሳውን ትቶ አይሄድምና አመንንህ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አባባን ስረግመው ኖርኩ። ይቅር ይበለኝ።

የሞርሳው እግር ላይ የተጠመጠመውን ሰንሰለት አልፈታሁትም። እዚህ ሰፈር ሰንሰለት የማይሠራ ቤት የለም፤ የቀለበቱን መጋጠሚያ ወደ ግራ አጣሞ የሚቀጠቅጥ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ስንት ዓመት አጠገብህ ቆሜ ቀጥቅጫለሁ።

ሞርሳው አሁንም ይሠራል። ሞላው ብቻ ነው የጎደለው።

ሠራተኞቹ ሰንሰለቱን የቆረጡት ሌላው ጫፍ ላይ የታሰረው ከጭቃው አልወጣ ብሏቸው ነው። ነገ ጠዋት በፈረስ ይጎትቱታል።

የአባባ ልጅ፣
ፌቢ